የካናሉ ዳር ሩጫና የጋሽ በዛብህ ቫን

ፈረንጅ ሲሮጥ ያየ ሐበሻ መንገዱን ይቀጥላል። ሐበሻ ሲሮጥ ያየ ሐበሻ ግን መኪናውን ያቆማል። ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከቆሙት መኪኖች ውስጥ ገብቼ ነው።

የመጀመሪያው ሲያትል አቅራቢያ ባለችው ኦበርን ከተማ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያ መጋዘን ይሠራል። «ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወንዝ ዳር ለዳር የሚሄድ መንገድ አለ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ላንቺ ዓይነቷ የሚሆን» አለኝ። «ላንቺ ዓይነቷ» ያለው ዓይን አፋር ለማለት ነው። ሄድኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መሮጥ ጀመርኩ። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል የዱባ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ደግሞ በረዶ የለበሰው ተራራ። የሩጫው መንገድ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ፣ ከሥራ የወጣ አንድ ጎልማሳ ሐበሻ ቀስ ብሎ አጠገቤ ቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ መኪናሽ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ፣ እየሮጥኩ ነው።»

«ገባኝ» አለ በጣም አዝኖ። «በይ ግቢ።»

ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ስትጠይቁኝ ይሰማኛል። መልሱ ቀላል ነው። «እሺ» አንድ ቃል ነው፤ «አይሆንም» ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ማብራሪያዎች የሚመጡልኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው። ሰውየው ባቡር ጣቢያ ድረስ አድርሶኝ፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብሎኝ ሄደ። መኪናዬ ዱባው ማሳ አጠገብ እንደቆመ ነው። በዚያን ቀን ከሮጥኩት ይልቅ ወደ መኪናዬ በእግሬ የተመለስኩት ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በፈረስ እርባታዎችና በወይን እርሻዎች መካከል የሚያልፍ ሌላ የወንዝ ዳር መንገድ ሞከርኩ። እዚያ ሐበሻ አይኖርም ብዬ ነው። እውነትም አልነበረም፤ ዝይ ነበር። የዝይ ቤተሰብ ከነልጆቹ መንገዱ መሀል ተኝቷል። ይነሡ ይሆናል ብዬ ቆምኩ። አልተነሡም። ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ተኛች። ብዙ ቆይቶ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት በብስክሌት መጥተው ደወላቸውን ሲያንቃጭሉ ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀ። ከኋላቸው ተከትዬ ልለፍ ስል ተመልሰው ተኙ። ዝይ እንኳ ማንን መፍራት እንዳለበት ያውቃል።

እንግዲህ የካናሉን መንገድ ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ተሸንፌ ስመለስ ነው። ሲያትል ውስጥ ሐይቁን ከባሕሩ ጋር የሚያገናኝ ረጅም ካናል አለ። ዳር ዳሩን የእግረኛ መንገድ ይሄዳል፤ መጨረሻው ጀልባዎች ከሐይቁ ወደ ባሕሩ የሚወርዱበት ትልቅ የውኃ በር ነው። እኔ ሳልመረምር የትም የማልሄድ ሰው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ያጠናሁት በከንቱ አይደለም። ስመረምር እንዳነበብኩት፣ በሌላ አገር ካናል ዳር ያለው መንገድ ድሮ በቅሎና ፈረስ ጀልባ በገመድ እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። የእኛው ግን የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው። ይህ ለእኔ ታላቅ የምሥራች ሆነ። ባቡር ዳገት አይወድም። እኔም አልወድም።

በጠዋት ሲሄዱበት ታዲያ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ረጃጅሞቹ ዛፎች ውኃው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ። ቀጫጭን ጀልባዎች ላይ ተሰልፈው የሚቀዝፉ ወጣቶች ያልፋሉ፤ አሠልጣኛቸው በድምፅ ማጉያ «ፍጠኑ፣ ምን ሆናችኋል?» እያለች ትጮኻለች። እኔን መስሎኝ ሁልጊዜ እፈጥናለሁ።

ችግሩ እማዬ ናት። እኔና እማዬ የምንኖረው ከሲያትል ወጣ ብላ በምትገኘው ሾርላይን ነው። አንድ ቀን አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ደውላ «ልጅሽን ውኃ ዳር ብቻዋን እየሮጠች አየናት፤ ለመሆኑ ደህና ናት?» አለቻት። ስገባ እማዬ ሶፋው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ምን አጥተሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። ለጤናዬ ነው።»

«ጤነኛ ሰው ውኃ ዳር ብቻውን አይሮጥም። ከዛሬ ጀምሮ ከሰው ጋር ከሆነ ሩጪ። ብቻሽን ከሆነ ግን ይቅር፤ ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ከሰው ጋር መሮጥ። እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ «ካናሉን ዋኝተሽ ተሻገሪ» እንደማለት ነው። ቢሆንም ካናሉን ወድጄው ስለነበር አንድ ዘዴ ፈለግኩ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው የጋዝ ፋብሪካ ካለበት መናፈሻ የሚነሣ የሯጮች ቡድን አለ። ከኋላቸው ሆኜ መሮጥ ጀመርኩ፤ እማዬ ብትጠይቅ «አብሬያቸው ነኝ» ለማለት የሚያስችል ቅርበት፣ እነሱ ቢጠይቁ ደግሞ «በአጋጣሚ ነው» ለማለት የሚያስችል ርቀት ጠብቄ። በዚህ ሁኔታ አንድ ሙሉ ክረምት በዝናብ ተከተልኳቸው። አንድ ቅዳሜ የቡድኑ መሪ ሜጋን ዞር አለች። ቁመቷ የበር ያህል የሆነ ነርስ ናት።

«አንቺ ከእኛ ጋር ነሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ትንሽ» አልኳት።

«ከየት ነሽ?»

ይህን ጥያቄ መመለስ አልነበረብኝም። «ከኢትዮጵያ» አልኳት። ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰው ብራያን ኮፍያውን አወለቀ። እኔ እንግዲህ ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሌሎችን ሹራብ ይዤ ዳር የምቆመዋ ልጅ ነበርኩ፤ ሹራብ በመያዝ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ይህንን ግን ማን ያስረዳቸው? ከዚያን ቀን ጀምሮ መጨረሻ ስወጣ «እንዳናፍር ብላ ነው» ይባባላሉ። መንገድ ዳር ቆሜ ሳለከልክ «ዘዴዋ ነው፣ አትረብሿት» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብራያን ቁርስ ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። ፍርፍር አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርፍር የት እንደሚሸጥ አጠያይቆ፣ ግማሽ ትሪ በልቶ መጣ፤ ያን ቀን መሮጥ አልቻለም።

ባላርድ የሚባለው ሰፈር ሲደረስ የካናሉ ዳር መንገድ ድንገት ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ በጀልባ ጥገና ቤቶችና በሲሚንቶ መኪኖች መካከል፣ ተራ የመኪና መንገድ ላይ፣ ሐዲድ እየዘለሉ መሄድ ነው፤ መንገዱ እንደገና የሚቀጥለው ራቅ ብሎ ነው። ቡድኑ ሁልጊዜ እዚያ ይጠፋል። አንድ ቀን ሁሉም ወደ ቀኝ ሲታጠፉ እኔ ከኋላ «ወደ ግራ ነበር» አልኩ። በዚያ ሁሉ ወራት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትክክልም ነበር። ሜጋን ወዲያው ወሰነች።

«የሚመጣው ቅዳሜ ከፊት ሆነሽ የምትመሪን አንቺ ነሽ።»

እሺ አልኩ። አንድ ቃል ነው ብያችኋለሁ።

ሳምንቱን አልተኛሁም። ለእናንተ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ይህ ቅዳሜ ከተበላሸ የቡድኑን ዓይን ማየት አልችልም። ቡድን ከሌለ ብቻዬን ነኝ፤ ብቻዬን ደግሞ እማዬ ከልክላለች። በአጭሩ ካናሉ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ካርታ አጠናሁ። መንገዱን በመኪና ሄድኩት፣ በእግሬ ሄድኩት። የት ቀስ እንደምንል፣ የት ሐዲድ እንደምንዘል አወቅኩ። ያላጠናሁት ጋሽ በዛብህን ብቻ ነው።

ጋሽ በዛብህ ጎረቤታችን ናቸው። እኔና እማዬ አሜሪካ የገባን ቀን ከኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፤ ሻንጣችንን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው፣ ሦስተኛውን እኔ ልያዝ ስል የተቆጡኝም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው «አይሆንም» አይባልም። በሚኒቫናቸው ሰው በማመላለስ ነው የሚተዳደሩት። በዚያች ቅዳሜ ከካናሉ ማዶ ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር የምትኖረው ታናሿ አክስቴ አራስ ነበረች። እማዬ ዋዜማውን እዚያው አድራለች፤ ጋሽ በዛብህ ደግሞ ከሾርላይን ትልቅ ድስት አጥሚት እንዲያደርሱ ታዝዘዋል። በመንገዳቸው አንድ ደንበኛ ጀልባ ጥገና ቤት አድርሰው ሲመለሱ ነው እንግዲህ፣ መንገዱ በተቋረጠበት ቦታ ላይ፣ እኔን ያዩኝ።

አሁን በእሳቸው ዓይን ተመልከቱት። እኔ ከፊት አለሁ። ስሮጥ ፊቴ የሚያለቅስ ሰው ፊት ነው፤ ፎቶ ተነሥቼ አይቼዋለሁ። ከኋላዬ አሥራ አንድ ፈረንጅ ይሮጣል። አንዲት የበር ቁመት ያላት ሴት «ቀጥይ፣ እንዳትቆሚ» እያለች ትጮኻለች። አንድ ጺማም ሰውዬ ቡጢውን ወደ ሰማይ ያወናጭፋል።

ቫኑ ፊቴ ላይ ተጠምዝዞ ቆመ። የጎኑ በር በራሱ ተከፈተ።

«ግቢ ልጄ። ቶሎ በይ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ገባኝ። ግቢ።»

ገባሁ። ያ በር ቁልፉ ሲነካ ቀስ ብሎ፣ ቲን ቲን እያለ የሚዘጋ ነው። ለመውረድም፣ ለማስረዳትም፣ ከፈለግኩ አጭር ንግግር ለማድረግም ጊዜ ነበረኝ። ጊዜውን የደህንነት ቀበቶ አሰርኩበት።

«የፊቱ ወንበር ላይ አጥሚቱ ስላለ ነው ከኋላ ያስገባሁሽ» አሉ ነዳጁን እየረገጡ። ድስቱ እውነትም ቀበቶ ታጥቆ በክብር ተቀምጧል። «ምን አደረግሻቸው?»

«ምንም አላደረግኳቸውም ጋሼ። እየመራኋቸው ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ውኃው በር።»

«እዚያ ምን አላችሁ?»

«ምንም። ደርሰን እንመለሳለን።»

ጋሽ በዛብህ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። «የምትመለሱ ከሆነ ለምን ትሄዳላችሁ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ጧት ጧት ራሴን እጠይቀዋለሁ። ዞሬ በኋላው መስኮት ሳይ ቡድኑ መንገዱ መሀል ተገትሮ ቀርቷል። መሪያቸው በመጀመሪያው ሰዓት በማያውቁት ቫን ተወስዳለች። ከዚያ ሜጋን እጇን አነሣች። አሥራ አንዱም በአንድ ጊዜ ከኋላችን ተፈተለኩ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ለካ እስከ ዛሬ ለእኔ ብለው ነበር የሚያዘግሙት።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ በዛብህ። «ኖ፣ እየመራኋቸው ነው ስትዪ ነበር። ይኸው።»

«አሁን እኮ የሚያሳድዱት እርስዎን ነው ጋሼ።»

«እኔን? ምን አድርጌአቸው?»

«ወስደውኛል።»

ነገሩ ትንሽ ከነከናቸው መሰለኝ፤ ግን እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አላነሡም። ይልቅ ስልካቸውን ነክተው እማዬን ኮል አደረጉ። የቫኑ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ከወዲያ የአራስ ቤት ጫጫታ፣ የሴቶች ሳቅ፣ የሕፃን ልቅሶ ሞላው።

«አልማዝ፣ አትደንግጪ፤ ልጅሽን አግኝቻታለሁ።»

ጫጫታው ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሰምታ የማትደነግጥ እናት ካለች አላውቃትም።

«ጠፍታ ነበር?» አለች እማዬ።

«ፈረንጆች እያሳደዷት ነበር። አሁን ከእኔ ጋር ናት። ሶ፣ ወደ እናንተ እያመጣኋት ነው፤ በባላርድ ድልድይ በኩል ተሻግሬ መድረስ ነው።»

«ስንት ፈረንጅ?» የሚል የሌላ ሴት ድምፅ ከበስተኋላ ተሰማ።

ወደ ድልድዩ ስንታጠፍ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ፤ ደወሉ ተደወለ። ሲያትልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ረጅም ምሰሶ ያላት ጀልባ በመጣች ቁጥር ድልድዩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሰማይ ይቆማል፤ ሐኪም ቢሆኑ፣ ሙሽራ ቢሆኑ፣ አጥሚት ቢይዙ መጠበቅ ነው። የመኪናው ሰልፍ እኛ እስካለንበት ድረስ ወርዷል። የሰልፉ ጭራ ሆነን ቆምን። ጋሽ በዛብህ በሮቹን ቆለፉ።

የኋላው በር የልጆች መቆለፊያ ስላለው ከውስጥ አይከፈትም። ልውረድ ካልኩ እሳቸውን መጠየቅ አለብኝ። የእግር ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ አሥራ አንድ ቀይ ፊት በቫኑ ዙሪያ ሆነ። ሜጋን የፊት መስኮቱን በጣቷ ቆረቆረች። ብራያን ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ ጺሙ ብቻ ይታያል።

ጋሽ በዛብህ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረጉ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና።

«ልጅቷን ፈልገን ነው» አለች ሜጋን። «ደህና ናት? ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

ይህ ለእኔ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል። ከውጭ አሥራ አንድ ሰው፣ ከፊት ጋሽ በዛብህ፣ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ደግሞ ትንፋሹን የያዘ የአራስ ቤት በሙሉ። በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አናግሬ አላውቅም፤ ለዚያውም በሁለት ቋንቋ።

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «እያዳኑኝ ነው።»

«ከምን?»

«ከእናንተ።»

መጀመሪያ የገባት ሜጋን ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ለሌሎቹ እየነገረቻቸው እነሱም ቫኑን ተደግፈው ሲስቁ እኔ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ለጋሽ በዛብህ ጓደኞቼ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ጓደኞቼ ስል የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ። ጋሽ በዛብህ ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ጨብጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጭተው ሰላም አሉ። የእያንዳንዳቸው እናት ደህና መሆናቸውን ጠየቁ። ብራያን ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም በዝርዝር ነገራቸው፤ እሳቸውም ምን መቀባት እንዳለባት አስረዱት።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ግን ሰላም ከተባባሉ በኋላ እንግዶች ሆኑ፤ እንግዳ ደግሞ በእግሩ አይሄድም። ጋሽ በዛብህ የቫኑን በር በሰፊው ከፈቱ።

«ግቡ» አሏቸው። «አደርሳችኋለሁ። የማይበቃውን ተመልሼ እወስዳለሁ።»

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ብራያን አንድ እግሩን አስገባ። ደክሞታል፤ አልፈርድበትም። ሜጋን ግን ወደ እኔ አየች፤ መሪዋ ምን ትላለች ብላ። ያኔ ታየኝ። ከገባን ዛሬ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ መንገዱን እየመራሁ ሳይሆን እየተጫንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ምሪን አይለኝም፤ እኔም አልመጣም፤ እማዬም ልክ ነበርኩ ትላለች።

«ጋሼ» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ። ግን አይሆንም። በእግራችን ነው የምንሄደው።»

ማብራሪያ ፈልጌ አጣሁ፤ ያለ ማብራሪያ ተውኩት። ጋሽ በዛብህ እንደ በደላቸው ሰው አዩኝ።

«እናትሽን ምን ልበላት?»

እማዬ ለካ እስካሁን መስመሩ ላይ ናት።

«ቆይ» አለች ከድምፅ ማጉያው። «ሰዎቹ ጓደኞቿ ናቸው ነው የምትሉኝ?»

«አዎ እማዬ» አልኩ። «አብረን ነው የምንሮጠው። ከሰው ጋር ሩጪ ብለሽኝ የለ?»

«ስንተኛ ነሽ?»

«ውድድር አይደለም እኮ።»

«ስንተኛ ነሽ ነው የምልሽ።»

ምን ልበል? «ከፊት ነበርኩ» አልኩ።

«ከሁሉም ፊት?»

«ከሁሉም።»

ከወዲያ እማዬ ለሴቶቹ «አንደኛ ናት» ስትል ሰማሁ። ሴቶቹ ተንጫጩ። ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ።

«ታዲያ አንደኛ የሆነ ሰው መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች እማዬ። «ውረጂ። ጋሽ በዛብህ፣ እባክዎ ያውርዷት።»

«አጥሚቱስ?»

«አጥሚቱ ይጠብቃል። ማን እንደሚቀድም ሳናውቅ ደግሞ እንዳይዘጉት ስልኩን።»

ወረድኩ። ብራያን እግሩን እያዘነ ከቫኑ አወጣ። ወደ ግራ ብዬ አመለከትኩ፤ አሥራ አንዱም ተከተሉኝ። ጋሽ በዛብህ ከሰልፉ ወጥተው ቫኑን አዞሩ። የአደጋ መብራታቸውን አብርተው፣ መስኮታቸውን ከፍተው፣ ጥሩምባቸውን አለፍ አለፍ እያሉ እየነፉ በሐዲዱ ጎን ከኋላችን ያዘግሙ ጀመር። የጀልባ ጥገና ሠራተኞች ብየዳቸውን አቁመው ዳር ወጡ። አንዱ አጨበጨበ፤ ምን እንደሆነ ግን የገባው አይመስለኝም።

«አሁንስ?» ትላለች እማዬ ከቫኑ ውስጥ።

«አንደኛ ናት» ይላሉ ጋሽ በዛብህ። «ጺማሙ ግን እየተጠጋት ነው።»

ዞር ብዬ አየሁት። እውነትም እየተጠጋኝ ነው። ፍጥነት ጨመርኩ።